ትልቁ አምባዛ ለምን ያመልጣል? በዝዋይ ዳርቻ ለሚያጠምዱ አዲስ አበቤዎች የችግርና መፍትሔ መመሪያ

ቅዳሜ ማለዳ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ ወይም ከካዛንቺስ ተነሥቶ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ያለችው ባቱ ከተማ የሚደርስ አጥማጅ ማታ ባዶ እጁን ሲመለስ ጥፋቱን ዘወትር በሐይቁ ላይ ያሳብባል፤ ውኃው ደፍርሶ ነበር፣ ሣሩ በዝቷል፣ ዓሣው አልቋል ይላል። ዓሣው እንደ ድሮው አለመሆኑን አስጋሪዎቹም አይክዱም፤ ነገር ግን ትልልቅ አምባዛ ዛሬም ከዚያው ሐይቅ ይወጣል። ከታች የተመለከቱት ችግሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ዓርብ ማታ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ የመነሻው ሰዓት ሲቆረጥ፣ ክርና መንጠቆም ሲመረጥ ነው፤ የሚስተካከሉትም በዚያው ሰዓት ነው።

ቀኑን ሙሉ ክሩ ሳይነካ ሲውል

የመጀመሪያው መንሥኤ ሰዓቱ ነው። አምባዛ በአብዛኛው ምግቡን የሚፈልገው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሲሆን፣ ቀን ቀን በፊላውና በደንገሉ ሥር ተጠግቶ ይውላል። ጠዋት በ12 ሰዓት ከከተማ የወጣ ሰው፣ የፍጥነት መንገዱ ቢያፋጥነውም፣ ዘንጉን አሰናድቶ መንጠቆውን ውኃ ውስጥ የሚጥለው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ትልቁ ዓሣ መጠለያው ገብቷል። መፍትሔው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተነሥቶ ባቱ ማደር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽት ማጥመድ፣ በማግሥቱም ጎሕ ሲቀድ ተመልሶ እስከ 2 ሰዓት መቆየት ነው። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ፤ ዝዋይ ጉማሬ አለው፤ ጉማሬም ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳርቻው ይወጣል። ስለዚህ የአካባቢው አስጋሪዎች በማይቆሙበት ቦታ በጨለማ መቆም አይገባም። በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባትም ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል፤ የወባ ትንኝ ደግሞ የምትነሣው አምባዛው በሚነሣበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው መንሥኤ ቦታው ነው። ጀማሪ አጥማጅ ትልቅ ዓሣ ያለው በጥልቁ ነው ብሎ ስለሚያምን ክሩን የቻለውን ያህል አርቆ ይወረውራል። የዝዋይ አማካይ ጥልቀት ግን 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ርቆ መወርወር ጥልቀት አያስገኝም፤ የሚያስገኘው ባዶ ውኃ ነው። አምባዛ የሚመገባቸው ትንንሽ ዓሦች፣ ቀንድ አውጣዎችና ነፍሳት የሚገኙት ሣሩ አልቆ ውኃው በሚከፈትበት ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ክሩ ከጠርዙ ጎን ለጎን መወርወር አለበት። በተጨማሪም አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው በየጊዜው ወደ ውኃው ፊት ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል። ዘንግ ከመዘርጋቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ የተቀመጠና ውኃው የት የት እንደሚፈነዳ የተመለከተ ሰው ቀሪውን ምሽት የት ማሳለፍ እንዳለበት ያውቃል። ይህን ትዕግሥት ከማንኛውም ውድ ዕቃ አስበልጠዋለሁ።

ከውጭ የመጣው አብረቅራቂ ማባበያ አልሠራ ሲል

ብዙዎቻችን ማጥመድን የተማርነው ባስ የተባለውን የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ከሚያሳዩ ቪዲዮዎች በመሆኑ፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ የፕላስቲክ እንቁራሪትና ብልጭ ድርግም የሚል ቆርቆሮ እናስመጣለን። ባስ በዐይኑ የሚያድን ዓሣ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ከሣሩ ውስጥ ተወርውሮ ይይዛል። አምባዛ ግን ዐይኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ ምግቡን በዋነኛነት የሚያገኘው በማሽተትና በአፉ ዙሪያ ባሉት ስምንት ሪዞች ነው፤ የዝዋይም ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ከሥሩ ጭቃውን እያነሣ ይደፈርሳል። ስለዚህ ሽታ የሌለው ማባበያ በዚህ ውኃ ውስጥ እንደሌለ ይቆጠራል። ከሰፈር ሥጋ ቤት የተገዛ ሳንባ፣ የዶሮ አንጀት፣ ወይም እዚያው ከአስጋሪዎች ከተገዛ ቆሮሶ ከነቆዳው የተቆረጠ ሥጋ ይበልጣል። ሽታውን ውኃው ወደ ሣሩ እንዲያደርሰው ደግሞ ነፋሱ ወደ ሣሩ በሚነፍስበት በኩል መቆም ይጠቅማል፤ እምቦጭ ካለ ግን ያው ነፋስ ክሩ ላይ ስለሚነዳው ዐይንን ከውኃው አለማንሣት ነው።

መንጠቆው በየጊዜው ሣር ይዞ ሲወጣ

መንሥኤው ከባድ እርሳስ ነው። እርሳሱ ሣሩ ውስጥ ሰምጦ ምግቡን ይቀብረዋል፤ ሲጎተትም ሥሩን ነቅሎ ይመጣል። መፍትሔው ምግቡን ከሣሩ በላይ ማንሳፈፍ ነው፦ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ቁራጭ ወይም የጠርሙስ ቡሽ ክሩ ላይ አስሮ፣ ምግቡ ከሣሩ አናት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል ማድረግ። በሣሩ መካከል ጭቃው የሚታይበት ክፍተት ከተገኘና ወደ ታች ማውረድ ካስፈለገ፣ ክብደቱ ቢቀር የማያስቆጭ ነገር ይሁን፤ ጋራዦች የሚጥሉት አሮጌ ካንዴላ ለዚህ ይበቃል። ካንዴላው ከዋናው ክር ጋር በቀጭን የስፌት ክር ይታሰር፤ ሣር ሲይዘው የስፌቱ ክር ብቻ ተበጥሶ መንጠቆው ይተርፋል።

ምግቡ ተበልቶ መንጠቆው ባዶ ሲወጣ

ይህን የሚያደርጉት ትንንሾቹ ቆሮሶዎች ናቸው፤ ሊጥን፣ ትልንና ጉበትን እየቆነጠሩ ይጨርሱታል። ምግቡ ጠንካራና ትልቅ ይሁን፤ አንጀቱ ወይም ሳንባው በስፌት ክር መንጠቆው ላይ ይጠምጠም። የመንጠቆው ቁጥር ከ4/0 እስከ 6/0 ሊሆን ይችላል።

ዓሣው ሲጎትት ቆይቶ ሳይያዝ ሲቀር

አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ችኮላ ነው፤ አምባዛ ምግቡን በሪዞቹ ዳስሶ፣ ጥቂት ገፋ አድርጎ ከዚያ ስለሚጎርስ፣ በመጀመሪያው ንቅናቄ ዘንጉን የመነጨቀ ሰው ምግቡን ከአፉ ያወጣበታል። ክሩ አንድ ወጥ ሆኖ መሄድ እስኪጀምር መጠበቅ ያስፈልጋል። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ክብ መንጠቆ የሚጠቀም ደግሞ ጨርሶ መንጨቅ የለበትም፤ ክሩን ቀስ አድርጎ ሲያጠብቅ መንጠቆው ራሱ የአፉን ጥግ ይይዛል። ሁለተኛው መንሥኤ የደነዘዘ ጫፍ ነው። የአምባዛ አፍ ጠንካራ ነው፤ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ሲያስቀምጡት የሚንሸራተት መንጠቆ እርሱንም አይወጋውም፤ ይህን ደግሞ ዓርብ ማታ ቤት ውስጥ መፈተሽና በሞረድ ማሾል ይቻላል።

ተይዞ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ሲበጥስ

እጅግ የሚያስቆጨው ችግር ይህ ነው፤ በብዛት የሚከሠተውም እርሱ ነው። ከገበያ በርካሽ የሚገኘው ቀጭን የናይለን ክር ከሣር በጠራ ውኃ ለቆሮሶ ይበቃ ይሆናል፤ ትልቅ አምባዛ ግን መያዙን ሲያውቅ በቀጥታ ወደ መጠለያው ይሮጣል፣ በፊላው ግንዶች መካከል ይጠመዘዛል፣ ከዚያ በኋላ አጥማጁ የሚጎትተው ዓሣውን መሆኑ ቀርቶ ሣሩን ይሆናል። የሚለጠጥ ክር በዚህ ጊዜ ዓሣውን ለማቆም የሚያስፈልገውን ኃይል ይበላዋል። የሚመረጠው ከ20 እስከ 25 ኪሎ የሚሸከም፣ የማይለጠጥ የተጎነጎነ ክር ነው፤ ይህ ክር ለስላሳውን የሣር ግንድ እየቆረጠ ሊያልፍ ይችላል። መጨረሻው ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ወፍራም ናይለን ይቀጠልበት፤ ምክንያቱም የአምባዛ ጥርሶች ደቃቅ ቢሆኑም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ክሩን እየፈገፈጉ ያሳሱታል። ቋጠሮው ሳይጠብቅ በምራቅ ይራስ፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሙቀት ይዳከማል።

የሪሉ፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት መንኮራኩር፣ ፍሬን ከመጀመሪያው ጠበቅ ያለ መሆን አለበት፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ዓሣውን ከጠርዙ የማራቂያ ጊዜ ስለሆኑ፣ በዚያን ጊዜ ክር መስጠት ዓሣውን ለሣሩ እንደ መስጠት ነው። ከገባ በኋላ ግን በጉልበት መታገል አይረዳም። የመጎተቻውን አቅጣጫ መለወጥ ይሞከር፤ ያ ካልሆነ ክሩን አላልቶ ጥቂት መጠበቅ፤ ዓሣው መያዙን የረሳ ያህል በራሱ የገባበትን መንገድ ይዞ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ጀልባ ያለው ሰው በቀጥታ ከላዩ ሆኖ ወደ ላይ ቢስበው ይሻላል።

ዳር ደርሶ ሲያመልጥ ወይም እጅን ሲወጋ

አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ያንሸራትታል፤ በደረት ክንፎቹ ላይም ጠንካራ እሾህ አለው። በክር ብቻ አንጠልጥሎ ማውጣት ብዙ ትልልቅ ዓሦችን አስመልጧል፤ እጀታ ያለው መረብ ከጭንቅላቱ በኩል ማስገባት ይገባል። ሲያዝ እሾሆቹን ከኋላቸው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርጎ ነው። በክረምት መግቢያ ዳርቻው በዝናብ ሲሞላ ትልልቆቹ ለመራባት ወደ ሣሩ ስለሚጠጉ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ሆዷ በእንቁላል ያበጠች ዓሣ ከተያዘች መልሶ መልቀቁን እመክራለሁ። አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውኃ ከወጣ በኋላም ቶሎ አይሞትም፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ መንጠቆውን በፒንሳ ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል። ሣር ላይ ትተውት ፒንሳ ፍለጋ ከሄዱ ግን በክንፎቹ እየተሳበ ውኃው ውስጥ ይገባል።