የአሽከርካሪ ድጋፍ ሥርዓቶችን ሲፈትሹ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሰሜን ሸዋን ዳገትና ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፣ በካሜራና በራዳር መንገዱን እያየ አሽከርካሪውን የሚያግዝ ሥርዓት የተገጠመለት፣ በራሱ ፍሬን የሚይዝ መኪና «ተፈትኖ አልፏል» ሲባል አስቀድሞ «የት ተፈትኖ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በሜዳ የተገኘውን ውጤት ለቁልቁለት ማዋል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 152 የድንገተኛ ፍሬን ፈተና በጠፍጣፋና በደረቅ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ላይ እንዲካሄድ ያዛል። ይህ መኪኖችን በእኩል ሚዛን ለመመዘን ተገቢ ቢሆንም፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስለሚወርደው መንገድ የሚነግረን ጥቂት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና፣ የሰበቃው መጠን (መንገዱ ጎማውን የመያዝ አቅሙ) 0.4 በሆነ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ከያዘ በኋላ በሜዳ 35 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ በ8 በመቶ ቁልቁለት ግን 44 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ሥርዓቱ ፍሬን የሚይዝበትን ቅጽበት በሜዳው ስሌት ከወሰነ፣ በዚያ የ9 ሜትር ልዩነት ውስጥ የቆመውን እግረኛ ይገጨዋል።

ሁለተኛው ጉምን ይመለከታል። ብዙ ጊዜ የሚለካው ካሜራው በጉም ውስጥ የሚያይበት ርቀት ብቻ ነው። በእኔ እምነት ከዚያ የሚበልጠው ጥያቄ፣ ሥርዓቱ ማየት እንደተሳነው ያውቃል ወይ፣ አውቆስ ለአሽከርካሪው በጊዜ ያስታውቃል ወይ የሚለው ነው። ራዳር ጉምን ከካሜራ በተሻለ ቢያልፍም በአስፋልቱ ላይ የተቀባውን መስመር አያነብም፤ ስለዚህ መኪናውን በመስመሩ ውስጥ የሚያቆየው ድጋፍ ከተቋረጠ በኋላ አሽከርካሪው መሪውን እስኪቆጣጠር ያለፈው ጊዜም አብሮ መለካት አለበት።

ሦስተኛው ፈተናውን በመኪና፣ በእግረኛና በብስክሌት አምሳያ ብቻ መወሰን ነው። በእኛ መንገድ ጭድ የተጫነች አህያ፣ የፈረስ ጋሪና የበግ መንጋ የዘወትር ተጓዦች ናቸው፤ በተለይ ጭዱ የአህያዋን ቅርጽ ስለሚሸፍነው፣ እንስሳትን እንዲለይ የሠለጠነ ካሜራ እንኳ ሊስታት ይችላል። በአንጻሩ ያለ ምክንያት የተያዘ ፍሬንም ከኋላ የጭነት መኪና በሚከተልበት ቁልቁለት አደጋ ያመጣልና፣ መያዝ ሲገባው ካልተያዘው ፍሬን እኩል ተመዝግቦ መመርመር አለበት።

የፊት መስታወት ተቀይሮ ካሜራው ሳይስተካከል መፈተሽም ውጤቱን ዋጋ ያሳጣዋል፤ የ1 ዲግሪ መዛነፍ በ50 ሜትር ርቀት ላይ 87 ሴንቲ ሜትር ያህል ስህተት ይሆናል። ከኋላ ከባድ ጭነት ሲጫንም የካሜራው አቅጣጫ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል፣ መኪናው ባዶውንም ተጭኖም ይፈተሽ። ሶፍትዌሩ በተቀየረ ቁጥር የቀድሞዎቹ ፈተናዎች መደገም አለባቸው።

በመጨረሻም፣ የፍሬን ፈተናን ሰውና ከብት በሚተላለፉበት አውራ ጎዳና ላይ ማካሄድ ፈጽሞ አይገባም። በጣርማ በር መንገድ ላይ ንቁ አሽከርካሪ በተለመደው አነዳድ እየነዳ የካሜራና የራዳር መረጃ ይሰብሰብ፤ ፍሬኑ ግን በተከለለ ቦታ፣ ቢገጩት በማይጎዳ ለስላሳ አምሳያ ይፈተን።