የማቀዝቀዣ ድንጋዮቹ በደንብ እንዲሠሩ ያደረግኩት
በረዶ ውስኪን ያቀዘቅዛል፣ ሲቀልጥ ግን ይበርዘዋል። የማይቀልጡትን የማቀዝቀዣ ድንጋዮች የገዛሁት ለዚህ ነው። ጣዕሙ አልተነካም፣ ቅዝቃዜው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የፍሪዘር ሽታም ይዘው ይመጡ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። 1 ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ጁል ያህል ሙቀት ይውጣል። ድንጋይ አይቀልጥም። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ወጥቶ 10 ዲግሪ እስኪደርስ 1 ግራሙ የሚስበው 28 ጁል ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው!

ስለዚህ ሥራውን ለድንጋዩ ብቻ መተው አይሆንም። አሁን ጠርሙሱንም ብርጭቆውንም ቀድሜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ድንጋዮቹ ውስኪው የያዘውን ቅዝቃዜ ይጠብቁለታል፣ ይኼ ደግሞ በደንብ ይሆንላቸዋል። ፍሪዘር ውስጥም ቢገባ 40 በመቶ አልኮል ያለው ውስኪ አይረጋም፤ ግን ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝ መዓዛው ይታፈናል። ለእኔ ፍሪጁ ይበቃል።

ድንጋዮቹን ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አሳድራቸዋለሁ። ሽታው በዚያው ጠፋ። ከማስገባቴ በፊት ግን በደንብ አደርቃቸዋለሁ። እርጥብ ከገቡ ላያቸው ላይ በረዶ ይጋገራል፣ እሱ ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ብርጭቆውን አዘንብሎ ድንጋዮቹን ቀስ ብሎ ማንሸራተት ነው፤ ከላይ ከተጣሉ ብርጭቆውን ሊሰነጥቁት ይችላሉ።

የሚቀዳውም ትንሽ ይሁን፣ ድንጋዮቹን ሸፈን የሚያደርግ ያህል። በጣም ቀዝቃዛ ለሚወድ ሰው ግን ውስጣቸው የሚረጋ ፈሳሽ ያለባቸው የብረት ኩቦች ይሻላሉ፤ ፈሳሹ እዚያው ታሽጎ ስለሚቀልጥ ብዙ ሙቀት ይስባሉ።