የቆየ ፕሪንተር ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር አልገናኝ ሲል ምን ይደረጋል?

ለዓመታት ያለ እንከን ያተመ ፕሪንተር አዲስ ላፕቶፕ በተገዛ ማግስት እምቢ ሲል፣ ብዙዎች ፕሪንተሩ አርጅቷልና ይለወጥ ወደሚል ውሳኔ ይቸኩላሉ። ወረቀቱን በአግባቡ የሚስብና ጽሑፉን አጥርቶ የሚያወጣ ከሆነ ግን አላረጀም፤ የተለወጠው ላፕቶፑ ነውና ፍተሻው ከዚያ መጀመር አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ካበቃ ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ወደ ዊንዶውስ 11 በመሸጋገር ላይ ስለሆኑ፣ ይህ ችግር በስፋት ያጋጥማል። ለማሳያነት የምጠቀመው በአገራችን ቢሮዎችና የጽሕፈት አገልግሎት መስጫ ቤቶች ዛሬም በሥራ ላይ ያለውን ኤችፒ ሌዘርጄት 1020ን ነው።

አስቀድመው ፕሪንተሩን ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው ኮምፒውተር ጋር በዚያው ገመድ አገናኝተው አንድ ገጽ ያትሙ። ካተመ ፕሪንተሩም ገመዱም ደህና ናቸው ማለት ነው። ካላተመ ገመዱን ይለውጡ፤ የዩኤስቢ ገመድ ከ5 ሜትር መብለጥ የለበትም፣ አጭሩ ደግሞ ይመረጣል። አዲሱ ላፕቶፕ ያለው ትንሹ የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ ብቻ ከሆነ፣ ገመዱን በጥሩ አስማሚ በኩል በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙት። ማውዝ፣ ፍላሽና ሌላም ዕቃ በተሰካበት ማከፋፈያ በኩል ሲሆን ፕሪንተሩ አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ሊያስቸግር ይችላል።

ሌዘርጄት 1020 ራሱን የቻለ ማሽን አለመሆኑን መረዳት ብዙ ድካም ይቀንሳል። የሚታተመውን ገጽ ነጥብ በነጥብ የሚያዘጋጀው ኮምፒውተሩ ሲሆን፣ ፕሪንተሩ የተዘጋጀውን ተቀብሎ በወረቀት ላይ ያሳርፋል። ከዚህም በላይ የራሱን የውስጥ ሶፍትዌር በቋሚነት አይዝም፤ በበራ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ይቀበላል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሪንተሩ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ሶፍትዌሩን የሚልክለት ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) በላፕቶፑ ላይ በትክክል ካልተጫነም መብራቱ እየበራ ምንም ትእዛዝ አይቀበልም። ከብዙ ራውተሮች የዩኤስቢ መሰኪያ ጋር የማይስማማውም፣ ለሁሉም ፕሪንተር ተብሎ የተዘጋጀ ጠቅላላ ድራይቨር የማይሠራለትም በዚሁ ምክንያት ነው። የራሱ ሞዴል ድራይቨር ያስፈልገዋል።

ድራይቨሩን ሲጭኑ የዩኤስቢ ገመዱን አስቀድመው ይንቀሉት። ከዚያ በሰቲንግስ ውስጥ ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ የሚለውን ከፍተው ቀደም ሲል በከፊል የተጫነ ካለ ያስወግዱ፤ ስሙን ከዝርዝሩ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፣ በፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ ገብተው ድራይቨርስ በሚለው ገጽ ላይ የቀረውንም ይሰርዙ። ዊንዶውስ 11 የሚሠራው በ64 ቢት ብቻ ስለሆነ፣ በአሮጌ ሲዲ ላይ ያለው የ32 ቢት ድራይቨር አይጠቅምም። ከአምራቹ ድረ ገጽ የ64 ቢቱን አውርደው ይጫኑና ገመዱን እንዲሰኩ ሲጠየቁ ብቻ ይሰኩ። ድራይቨር በነጻ እናድላለን ከሚሉ ሌሎች ድረ ገጾች ምንም ነገር እንዳያወርዱ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከድራይቨሩ ጋር ቫይረስ ተሸክመው የሚመጡ ብዙ ናቸውና። የመጫኛው ፋይል ከነጭራሹ አልከፈት ካለ ደግሞ ላፕቶፑ በኤስ ሞድ ላይ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ይህ አሠራር ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ የመጣን ፕሮግራም አያስጭንም።

ድራይቨሩ በትክክል ተጭኖ ትናንት ሲያትም የዋለው ፕሪንተር ዛሬ ኦፍላይን የሚል ጽሑፍ ካሳየ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ገመዱ የተሰካበትን ቀዳዳ ነው። ላፕቶፕ በየቀኑ ስለሚነቀልና ስለሚሰካ ገመዱ አንድ ቀን በግራ፣ ሌላ ቀን በቀኝ በኩል ይሰካል፤ ዊንዶውስም ይህን እንደ ሌላ ፕሪንተር ቆጥሮ ኮፒ 1 የሚል ተጨማሪ ስም ይፈጥርለታል። በዚህ ጊዜ የድሮው ስም ዩኤስቢ 001 ከተባለው ፖርት (ዊንዶውስ ለመሰኪያው ከሰጠው መለያ) ጋር እንደተጣበቀ ሲቀር፣ ፕሪንተሩ ያለው ዩኤስቢ 002 ላይ ነው። ተጠቃሚው የለመደውን ስም መርጦ ያዝዛል፣ ትእዛዙ ግን ማንም ወደሌለበት ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በፕሪንተር ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፖርትስ የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፣ ፕሪንተሩ አሁን ያለበትን ፖርት ምልክት ያድርጉበት፣ ትርፉን ስም ያጥፉ፣ ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ይሰኩ። እግረ መንገድዎን ዋናውን ፕሪንተር ዊንዶውስ ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅደውን ምርጫ ይዝጉት፤ አለበለዚያ ሰነዱ በወረቀት ሳይሆን በፒዲኤፍ መልክ ተቀምጦ ሊያገኙት ይችላሉ።

በመሃል መብራት ሲጠፋ ያልተጠናቀቀ ሥራ ተራ ይዞ ይቀርና ከኋላው ያለውን ሁሉ ያግዳል፤ ሰርዝ ቢባልም አይሰረዝም። ሰርቪስስ የሚለውን ከፍተው የሚታተሙ ሰነዶችን ተራ የሚያስይዘውን ፕሪንት ስፑለርን ያቁሙ፤ በሲ ድራይቭ ላይ ከዊንዶውስ ወደ ሲስተም 32፣ ከዚያ ወደ ስፑል ገብተው ፕሪንተርስ በተባለው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ያጥፉ፤ ፎልደሩን ራሱን ግን አይንኩት። ከዚያ ስፑለሩን መልሰው ያስነሱ።

ፕሪንተሩ ከአንድ ዴስክቶፕ ጋር ተያይዞ ለብዙ ላፕቶፖች በሼር የሚያገለግል ከሆነ፣ ዴስክቶፑ መብራቱንና አለመተኛቱን፣ ሁሉም በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን፣ ኔትወርኩም ፐብሊክ ሳይሆን ፕራይቬት ተብሎ መመዝገቡን ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ከወጣው የዊንዶውስ ማሻሻያ ወዲህ በ11ቢ የሚያበቃ የስህተት ቁጥር በስፋት ታይቷል። በዚያው ዓመት በፕሪንት ስፑለር ላይ የተገኘውን የደኅንነት ቀዳዳ ተከትሎ በፕሪንተር አገልግሎቱ ላይ ጥበቃው ሲጠናከር፣ ያልተሻሻሉና የተሻሻሉ ኮምፒውተሮች መግባባት አቃታቸው። አንዳንድ ባለሙያዎች ጥበቃውን በማጥፋት ችግሩን ያልፉታል፤ እኔ ግን ይህን አልደግፍም። ሁሉንም ኮምፒውተሮች አሻሽሎ፣ ድራይቨሩን በላፕቶፑ ላይ አስቀድሞ ጭኖ፣ የዴስክቶፑንና የፕሪንተሩን ስም በሎካል ፖርትነት ማስገባት ጥበቃውን ሳይነካ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

እንደ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102ደብሊው ያሉ ዋይፋይ ያላቸው ቆየት ያሉ ፕሪንተሮች የሚያውቁት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ብቻ ነው። አዲሱ ራውተር ሞገዱን ከዘጋው ወይም ደብሊውፒኤ 3 የተባለው አዲሱ የዋይፋይ ጥበቃ ብቻ ከተመረጠበት ፕሪንተሩ ኔትወርኩን አያገኘውም፤ ደብሊውፒኤ 2ን ማብራት ያስፈልጋል። ለእንግዳ በተከፈተ ዋይፋይ ላይ ያለ ላፕቶፕ፣ እንዲሁም ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ኔትወርክ በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) የበራበት የድርጅት ላፕቶፕ አጠገቡ ያለውን ፕሪንተር ላያይ ይችላል። በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ በራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ እንደ 192.168.1.50 ያለ የማይለወጥ አድራሻ ይመድቡለትና በላፕቶፑ ላይ በዚሁ አድራሻ ያስገቡት።

ላፕቶፑ ከተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የተለየ፣ ኤአርኤም የተባለ ፕሮሰሰር ያለው ከሆነ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ላይሠራ ይችላል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ የቆዩ ፕሮግራሞችን አስመስሎ ቢያሠራም ድራይቨርን ግን አያስመስልም፤ ለኤአርኤም የተዘጋጀ ከሌለ ፕሪንተሩ በቀጥታ አይገናኝም። ሰነዱን በፒዲኤፍ አዘጋጅቶ ድራይቨሩ ወደተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር መላክና ከዚያ ማተም ያዋጣል፤ ላፕቶፑ ገና ያልተገዛ ከሆነ ደግሞ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ከሻጩ ጠይቆ መግዛት ይሻላል።