ዝግመተ ለውጥን ሳይጣሉ ማስተማር፣ ሲነካም ዝም አለማለት

የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ሲደርስ የባዮሎጂ አስተማሪ ከሦስት አንዱን ሲያደርግ አያለሁ። አንዱ "ጊዜ የለንም" ብሎ ይዘለዋል። ሌላው "ለፈተና ያዙት እንጂ እኔም አላምንበትም" እያለ ያልፈዋል። ሦስተኛው ደግሞ ከተማሪዎቹ ሃይማኖት ጋር ጦርነት ይገጥማል። በሦስቱም መንገድ ተማሪው ምንም ሳይዝ ይወጣል። የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለሙያ ባልደረቦቼ ነው፤ ወላጅ ቢያነበውም ደስ ይለኛል።

አቋሜን ከፊት ልናገር። ክፍል ውስጥ እምነትን ማጥቃትም ሆነ መስበክ ሥራዬ አይደለም። ሥራዬ ማስረጃው ምን እንደሚል ማሳየት ነው። ከዚህ ከወጣሁ ሃይማኖተኛውም ሆነ ሃይማኖት የለሹ ሊከሰኝ መብት አለው። ከዚህ ካልወጣሁ ግን ማንም መጥቶ "ይሄን ምዕራፍ ዝለል" ሊለኝ አይገባም።

መጀመሪያ ክፍሉን ማረጋጋት

ምዕራፉን ስጀምር ሰሌዳው ላይ ምንም ሳልጽፍ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ "እዚህ የምትማሩት ሳይንቲስቶች ምን እንዳገኙና ለምን እዚያ መደምደሚያ ላይ እንደደረሱ ነው። እመኑ አልላችሁም። ተረዱት ነው የምላችሁ። ፈተና ላይም የምጠይቀው የተረዳችሁትን እንጂ የምታምኑትን አይደለም።" ከዚህ በኋላ ክርናቸውን ዴስክ ላይ ደግፈው ለክርክር የተዘጋጁት ልጆች ሳይቀሩ ደብተር ያወጣሉ።

ቃል የገባችሁትን ፈተናው ላይ ጠብቁ። "ሰው ከየት መጣ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ሰውና ቺምፓንዚ ዝምድና እንዳላቸው የሚያሳዩ ሁለት ማስረጃዎችን አብራራ" በሉ። ይሄኛውን የሚያምነውም የማያምነውም ኅሊናውን ሳይዋሽ ይመልሰዋል።

"ቲቸር፣ እርስዎ በፈጣሪ ያምናሉ?" የሚል እጅ መውጣቱ አይቀርም። እኔ የምመልሰው ሁሌም አንድ ነው፦ "የእኔ ማመን ወይም አለማመን ለዚህ ትምህርት ማስረጃ አይሆንም፤ ስለዚህ እዚህ አልመልሰውም።" አምናለሁ ካላችሁ ግማሹ ክፍል "እንግዲያው ለምን ያስተምሩናል?" ይላል። አላምንም ካላችሁ ማታውኑ ወሬው ቤት ይገባል፣ ጠዋት ወላጅ በር ላይ ይጠብቃችኋል።

ሌላው የተለመደ ጥያቄ "ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ፣ ዝንጀሮ ለምን አሁንም አለ?" የሚለው ነው። አትሳቁበት። ልጁ ከትልልቅ ሰዎች የሰማው ነው። የአጎቱ ልጅ መኖር የእሱን መኖር ያጠፋው እንደሆነ ጠይቁትና መልሱን ራሱ ይድረስበት። ከቺምፓንዚ ጋር የምንጋራው የጋራ ቅድመ አያት ነው፤ የኖረውም ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል። ዛሬ ያለው ቺምፓንዚ አያታችን አይደለም።

"ቲዎሪ ብቻ ነው እኮ" ለሚለው ሙሉ ክፍለ ጊዜ አታባክኑ። በሽታን ጀርም ያመጣል የሚለውም ቲዎሪ ነው፤ እሱን ንቆ እጁን ሳይታጠብ ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሐኪም ግን የለም። ይቺን በሉና ወደ ማስረጃው እለፉ። ልጆቹን የሚይዛቸው ማስረጃው ነው።

ወረቀት፣ መቀስና ክሮሞዞም ቁጥር 2

ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ማስረጃ ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ይሄንን እመርጣለሁ።

ሰው 23 ጥንድ ክሮሞዞም አለው። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 24 ጥንድ አላቸው። የጋራ ቅድመ አያት ነበረን የሚለው አባባል እውነት ከሆነ፣ አንዷ ጥንድ የት ገባች? ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዝም እላለሁ። አንድ ልጅ "ጠፍታለች" ይላል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን የያዘ ጥንድ ክሮሞዞም ዝም ብሎ ቢጠፋ ግን ፅንሱ በሕይወት አይቆይም። የሚቀረው ግምት ሁለት ክሮሞዞሞች ተጣብቀው አንድ ሆነዋል የሚል ነው።

አሁን ወረቀቱን አምጡ። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ረጃጅም ቁራጭ ወረቀት ይይዛል። የእያንዳንዱን ወረቀት ሁለት ጫፍ በቀይ፣ ወገቡን በሰማያዊ ይቀባሉ። ቀዩ ቴሎሜር ነው፤ የክሮሞዞም ጫፍ ላይ የሚገኝ፣ ቲ-ቲ-ኤ-ጂ-ጂ-ጂ እያለ እየደጋገመ የሚሄድ የዲኤንኤ ጽሑፍ። ሰማያዊው ሴንትሮሜር ነው፤ ሴል ሲከፈል ክሮሞዞሙ የሚያዝበት ቦታ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ጫፍ ለጫፍ ያጣብቁና ያዩትን ይጽፋሉ፦ መሆን የሌለበት ቦታ፣ መሃል ላይ፣ ቀይ አለ። ሰማያዊውም ሁለት ሆኗል።

መልሱን ከመናገራችሁ በፊት ትንበያቸውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። "ግምታችሁ ልክ ከሆነ የሰው ክሮሞዞም ውስጥ ምን ማግኘት አለብን?" በሏቸው። እነሱ "መሃል ላይ የጫፍ ጽሑፍ፣ አንድ ተጨማሪ ሴንትሮሜር" ብለው ሲጽፉ ክሮሞዞም ቁጥር 2ን አሳዩ። ፊት ለፊት የተጋጠሙት የቴሎሜር ቅሪቶች እዚያው ናቸው፤ ተመራማሪዎች በ1991 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሳትመውታል። ሥራ ያቆመው ሁለተኛ ሴንትሮሜር ቅሪትም አለ። ጂኖቹ የተደረደሩበት ቅደም ተከተልም ከሁለት የቺምፓንዚ ክሮሞዞሞች ጋር ይገጥማል።

ይሄን በወረቀት የሠራ ልጅ ስለ ዝግመተ ለውጥ ፈለገ ያምናል፣ ፈለገ አያምንም። ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ ግን በእጁ ነክቶታል። ግምቱ ውድቅ ሊሆን ይችል ነበር፤ አልሆነም።

ቅሪተ አካል ላይ ከመጣችሁም እንዲሁ አድርጉ። ድንቅነሽን "3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ሐዳር፣ 1974" ብላችሁ አታሸምድዱ። የዳሌዋንና የጉልበቷን ሥዕል አሳዩና "በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የአንጎሏ መጠን የእኛን ሲሶ ያህል እንደሆነ ንገሯቸው። ከሷ በፊት ብዙ ምሁራን መጀመሪያ ያደገው አንጎል ነው ብለው ያስቡ ነበር፤ አጥንቷ ግን ቀድሞ የመጣው ቀጥ ብሎ መሄድ እንደሆነ አሳየ። ቲክታሊክንም ጨምሩ። ዓሣ ወደ እግር ያመራበት ዘመን የሚታወቅ ስለነበር ፈላጊዎቹ የዚያ ዕድሜ ያለው ዐለት መርጠው ነው ካናዳ አርክቲክ ድረስ የሄዱት። በ2004 በ375 ሚሊዮን ዓመቱ ዐለት ውስጥ አንገትና የእጅ አንጓ አጥንት ያለው ዓሣ አገኙ። ጊዜ ካጠረ አንቲባዮቲክ የማይበግራቸውን ባክቴሪያዎች አንሱ፤ ያ ዓይናችን እያየ የሚካሄድ ነው።

"ሁለቱንም ወገን አስተምሩ" ሲሏችሁ

ይሄ ጥያቄ ፍትሐዊ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሸወዳል። ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል።

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በ1925 ዝግመተ ለውጥን በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማር በሕግ ተከለከለ። ጆን ስኮፕስ የተባለ አስተማሪ ተከስሶ 100 ዶላር ተቀጣ። እንዲህ ያለውን ክልከላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው በ1968 ነው። ቀጥሎ "እንግዲያው የፍጥረት ትምህርት እኩል ጊዜ ይሰጠው" የሚል የሉዊዚያና ሕግ መጣ፤ እሱም በ1987 ወደቀ። ከዚያ ስሙ ተቀየረና "ኢንተለጀንት ዲዛይን" ተባለ፤ ሕይወት አስቦ የነደፈው አካል አለ የሚል ነው።

የፔንስልቬኒያዋ ዶቨር ከተማ ጉዳይ የመጣው በዚህ ስም ነው። የትምህርት ቦርዱ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ዝግመተ ለውጥን የሚያጠራጥርና ወደ አንድ አጋዥ መጽሐፍ የሚመራ መግለጫ እንዲነበብ ወሰነ። የሳይንስ አስተማሪዎቹ "አናነብም" አሉ፤ አስተዳዳሪዎች ገብተው አነበቡት። አሥራ አንድ ወላጆች ከሰሱ። ችሎት ላይ የአጋዥ መጽሐፉ የቆዩ ረቂቆች ቀረቡ። ከ1987ቱ ውሳኔ በኋላ ስለ ፍጥረት የሚናገረው ቃል እየተነሣ "ዲዛይን" በሚለው ተተክቷል። አንዱ ረቂቅ ላይ እንደውም ተኪው ሰው ቸኩሎ አሮጌውና አዲሱ ቃል ተጣብቀው ቀርተዋል! ዳኛው ጆን ጆንስ በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የተሾሙ ናቸው። በታኅሣሥ 2005 ነገሩ ሳይንስ ሳይሆን ሃይማኖት ነው ብለው ፈረዱ። ወረዳው ለከሳሾቹ ጠበቆች አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ።

ስለዚህ "ሁለቱንም ወገን" ሲሏችሁ ሁለት ጥያቄ መልሳችሁ ጠይቋቸው። አንደኛ፣ ሁለተኛው ወገን በምን ዓይነት ግኝት ውድቅ ሊሆን ይችላል? ክሮሞዞም 2 ላይ እንዳደረግነው የሚፈተን ነገር ካለ ይምጣ፣ እንፈትነዋለን። ሁለተኛ፣ የየትኛው ሃይማኖት የፍጥረት ታሪክ ነው የሚገባው? ከወላጅ ጋር ስነጋገር ይሄኛው የበለጠ ሲሠራ አይቻለሁ። "የእናንተ እምነት ያልሆነ አስተማሪ ለልጃችሁ የራሱን የፍጥረት ታሪክ እንደ ሳይንስ ቢያስተምር ትስማማላችሁ?" ስላቸው ለአፍታ ያስባሉ። የሳይንስ ክፍል ከሃይማኖት ነጻ መሆኑ ከማንም በላይ የሚጠብቀው አማኙን ቤተሰብ ነው።

አማኞችን ከጎናችሁ አሰልፉ

ዶቨር ላይ ለወላጆቹ ከመሰከሩት ዋና ባለሙያዎች አንዱ ኬኔት ሚለር ነው፤ የባዮሎጂ ፕሮፌሰር፣ አማኝ ካቶሊክ። ያለ ዝግመተ ለውጥ ባዮሎጂ ትርጉም እንደሌለው በ1973 የጻፈው የጀነቲክስ ሊቅ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪም ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። የካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1996 ዝግመተ ለውጥ ከመላምት ያለፈ መሆኑን ተናግረዋል። የወላጆች ስብሰባ ላይ እንግዳ ከጋበዛችሁ እንዲህ ያለ ሰው፣ አማኝ ሐኪም ወይም የእርሻ ባለሙያ ጋብዙ። አማኝን እያዋረዱ "ሳይንስን መከላከል" የሚወዱ ሰዎች አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ምዕራፉን ከሚዘለው አስተማሪ የባሰ ጉዳት ያደርሳሉ።

ጫናው ከላይ ሲመጣ

አብዛኛው ጫና በቃል ነው የሚመጣው፤ ኮሪደር ላይ፣ በፈገግታ። አንድ አለቃዬ "ያቺን ምዕራፍ ዘንድሮ ብንተዋት ምን ይመስልሃል? ወላጅ እያጉረመረመ ነው" አለኝ። "እሺ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ስላለች ግን እንድተዋት በጽሑፍ ይስጡኝ" አልኩት። ደብዳቤው እስከዛሬ አልመጣም፣ ምዕራፏንም አስተማርኩ። ጠብ አልነበረም፤ ድምፄንም ከፍ አላደረግሁም። የሥርዓተ ትምህርቱን ገጽና የአስተማሪውን መምሪያ ኮፒ አድርጋችሁ ከትምህርት ዕቅዳችሁ ጋር ያዙ።

ሕጉንም እወቁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለምሳሌ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ሌላ አገር የምታስተምሩ የዚያን አገር አንቀጽ ፈልጉ፤ ቁጥሩን በቃላችሁ መያዝ ብቻውን ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

ትልቁ አደጋ ግን ኮሪደር ላይ አይደለም፤ ሥርዓተ ትምህርት ሲከለስ ነው። ቱርክ በ2017 የዝግመተ ለውጥን ክፍል ከሁለተኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርቷ አወጣች። ሕንድ ውስጥ በ2023 ምዕራፉ ከ10ኛ ክፍል መጽሐፍ እንደተቀነሰ ሲታወቅ ከ1,800 በላይ ሳይንቲስቶችና መምህራን የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረሙ። አዲስ ረቂቅ ሲወጣ የተጨመረውን አድንቃችሁ አትለፉ። የድሮውንና የአዲሱን ማውጫ ጎን ለጎን አስቀምጡና የተቀነሰውን አስምሩበት።

ቅሬታ ስትጽፉ ከአንድ ገጽ አትለፉ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የምትጠይቁት ይኑር፦ ይህ ምዕራፍ ይመለስ። ከዚያ የተቀነሰውን በገጽ ቁጥር፣ ቀጥሎም ያለ እሱ የሚንገዳገዱትን ምዕራፎች ዘርዝሩ፤ የሕያዋን ምደባ፣ ጀነቲክስ፣ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች። ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አታንሱ። የሐኪምና የግብርና ባለሙያ ፊርማ ጨምሩበት። ስታስገቡም በእጃችሁ የሚቀረው ቅጂ ላይ የገባበትን ቀንና ማኅተም አስደርጉ፤ "አልደረሰንም" የምትለዋ መልስ እንዳትመጣ።