የሕፃን አልጋ ሲቀባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሁለት ዓመት በፊት የሠራሁት የሕፃን አልጋ ባለፈው ሰኔ ለጥገና ተመልሶ መጣ። ያስመጣው አንድ የላላ ብሎን ነበር፤ የእኔን ዓይን የያዘው ግን ላይኛው አግዳሚ ነው። ከዳር እስከ ዳር ተግጧል። ትንንሽ የጥርስ ምልክቶች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ልጁ ተደግፎ ሲቆም አፉ በሚደርስበት ቦታ ላይ ተደርድረዋል። በየምልክቱ ዙሪያ ቫርኒሹ ተሰነጣጥቆ ተልጧል፤ ከሥሩ ያለው ዋንዛ ራቁቱን ወጥቷል። የተላጠው ቫርኒሽ የት እንደሄደ መገመት አይከብድም።

ከዚያ ወዲህ «ለልጅ አልጋ ምን ይቀባ?» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ አግዳሚ ነው። ሳሎን ያለውን ቡፌ ማንም አይልሰውም። የልጅ አልጋ ግን ይላሳል፣ ይነከሳል፣ ወተት ይደፋበታል፣ ይሸናበታል፣ በእርጥብ ጨርቅ በየቀኑ ይወለወላል። እዚህ አዳማ ራሴ የሠራኋቸውንም፣ ሰው ሲሠራ ያየኋቸውንም ስህተቶች ልንገራችሁ።

«ስነካው እጄን አልያዘኝም፤ ደርቋል» ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። እናትየው የመውለጃ ቀኗ ደርሷል፣ ቤተሰቡ ይደውላል፣ እኔም በዘይት የሚሠራ ቫርኒሽ የመጨረሻውን እጅ በቀባሁ በሁለተኛው ቀን አስረከብኩ። በሳምንቱ አያትየዋ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ አልጋ ነው ጋራዥ ያስገባህልን? ልጄን ራሷን አመማት እኮ!»

«ይቅርታ እማማ፣ አሁኑኑ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ባጃጅ ውስጥ አልገባ ስላለ በጋሪ ጭኜ መለስኩት። የፍራሹ ፕላስቲክ ርብራቡ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ስስበው ቫርኒሹን ይዞ ተነሳ።

መድረቅና መጠንከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቫርኒሽ እጅ አልይዝ የሚለው ማቅጠኛው ከላይ ስለተነነ ነው። ከዚያ በኋላ ውስጡ ያለው ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሃደ ይጠነክራል፤ ይሄ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ 30 ቀን ያህል ይፈልጋል። በውኃ የሚቀጥነው ዓይነት ሽታው ያነሰ ነው፣ እሱም ቢሆን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይጠብቃል። የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ያታልላል፦ ወፍራም አድርገው ቀብተው ፀሐይ ላይ ቢያወጡት ላዩ በአንድ ሰዓት ቆዳ ያወጣና ታቹ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ስስ አድርጎ ሦስት እጅ መቀባት ከአንድ ወፍራም እጅ ይሻላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። የማይታይ ቦታ ላይ በጥፍር ጫን ብላችሁ እዩ፤ ጥፍሩ ምልክት ከተወ ገና ነው። ከዚያ አልጋውን በአንሶላ ሸፍናችሁ አሳድሩና ጠዋት ስትገልጡት አሽትቱ። ከሸተታችሁ ሕፃኑም ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ይተነፍሳል። አሁን ከእርግዝናው ሰባተኛው ወር ካለፈ በኋላ የሚመጣ ትእዛዝ ስቀበል ቫርኒሽ አልቀባም፤ ምን እንደምቀባ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ቀለምን በድምቀቱ መምረጥ

የልጅ ነገር ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ ይሁን የሚል ብዙ ነው። ችግሩ እነዚህ ደማቅ ቀለሞች፣ በተለይ በዘይት የሚሠሩት፣ ድሮ ድምቀታቸውን ያገኙ የነበረው ሊድ ክሮሜት ከሚባል፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ካለበት ውህድ መሆኑ ነው። ለማድረቂያ የሚገባ እርሳስም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል። የሚጎዳው አእምሮውን ነው፤ የተጎዳው አይመለስም።

አገራችን በ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ደንቡ መኖሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከጣሳ ወደ ውኃ ፕላስቲክ ተገልብጦ የሚሸጥ ቀለም፣ ወይም አጎት ቤት ከበር ቅብ የተረፈ አሮጌ ጣሳ ደንቡን አያውቀውም። ለልጅ ዕቃ የሚሆን ቀለም ያልተከፈተና ጽሑፉ የሚነበብ ጣሳ መሆን አለበት፤ ጣሳው ላይ እርሳስ የሌለበት መሆኑ ይጻፍ። ኢኤን 71-3 የሚል ካያችሁ የአውሮፓ የልጆች መጫወቻ መለኪያ ነው፣ ከእሱ የተሻለ አታገኙም።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት አለ፦ ከዘመድ የተገኘ አሮጌ አልጋን ለማደስ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ መፋቅ። አሮጌው ቀለም እርሳስ ካለበት ብናኙ ምንጣፍ ላይ፣ ልብስ ላይ፣ የልጅ እጅ ላይ ያርፋል። ምን እንደተቀባ የማይታወቅ አልጋ ባይታደስ ይመረጣል።

«የተፈጥሮ ዘይት ነው፣ ምን ይጎዳል?»

አይጎዳም፣ ግን አይደርቅም። የፓልም ዘይት የተቀባ እንጨት ዓመት ቢቆይ ያው ዘይት ነው፦ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ኋላም ይሸታል። የሚደርቀው የተልባ ዘይት ነው። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፣ ትዕግሥት ላለው ሰው።

ጥሬውን የተልባ ዘይት በስሱ ቀብቶ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን በጨርቅ ጠርጎ፣ ለሳምንታት መተው ነው። ሱቅ ውስጥ «የፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የፈላ አይደለም፤ ቶሎ እንዲደርቅ ኮባልት ወይም ማንጋኒዝ የገባበት ነው። ለልጅ አልጋ ጥሬው ይሁን። ሰም ብቻውን ደግሞ ያምራል እንጂ ለስላሳ ነው፣ ውኃ ሲደጋገምበት ይለቃል። አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ የተልባ ዘይት፣ ፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ድስት ውስጥ አሟሙቶ ቢቀባ ይሻላል።

ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ እንዳትጥሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ ይታመቅና ክብሪት ሳይጫርበት በራሱ ይነዳል። ውጭ ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ለምስጥ ብሎ እግሩን የተቃጠለ ዘይት መቀባት

ለአጥር እንጨት ይሁን። የሞተር የተቃጠለ ዘይት ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉበት፣ ደግሞም አይደርቅም፤ የሚድህ ልጅ ደግሞ መንካት የሚጀምረው ከአልጋው እግር ነው። ቤቱ ምስጥ ካለው ወለሉን አሳክሙ፣ ለአልጋው እግር የፕላስቲክ ጫማ ይበቃዋል።

ደጅ ላይ መቀባት

ከአዳማ ዳር ያሉት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያለ ምክንያት እዚያ አልተተከሉም። ከቀትር በኋላ ደጅ የቀባችሁት ቫርኒሽ ንፋሱ አቧራ ስለሚለጥፍበት ማታ ስትዳስሱት ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ማለዳ፣ በር ዘግቶ፣ ወለሉን ውኃ አርከፍክፎ መቀባት ነው፤ ቀብታችሁ ስትጨርሱ ግን መስኮት ክፈቱ፣ ነፍሰ ጡር ሴትም እዚያ አትግባ።

ጎመላካን አላግባብ መናቅ፣ አላግባብም ማመን

ጎመላካ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ ክኒንና ከረሜላ የሚለበጥበት እሱ ራሱ ነው። አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን በጥቂት ቀናት ሽታው ይጠፋል፣ ለአፍ የሚያሰጋ ነገርም የለውም። ጠላቱ እርጥበት ነው፦ ውኃ ወይም ሽንት ከቆየበት ነጭ ይሆናል። ለአልጋው ራስጌና ለመጫወቻ መደርደሪያ እወደዋለሁ፤ ዳይፐር ለሚቀየርበት ጠረጴዛ አልቀባውም። በካቲካላ ሊያሟሟው የሞከረ ረዳት ነበረኝ፤ ካቲካላ ውኃው ብዙ ስለሆነ አልሟሟለትም፣ የተረፈው ካቲካላ ግን አልተገኘም።

ሹል ጠርዝ ላይ መቀባት

ይሄ የቅብ ጉዳይ አይመስልም፣ ነው እንጂ። ማንኛውም ፈሳሽ ቅብ ከሹል ጠርዝ ይሸሻል፤ ጠፍጣፋው ላይ ሦስት እጅ ቢቀባም ጠርዙ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ልጁም የሚነክሰው ጠርዙን ነው። ያ ተመልሶ የመጣ አልጋ አግዳሚው ጠርዝ ነበረው፤ የእኔ ጥፋት ነው።

ምን አደረግኩት? አግዳሚውን ፈታሁ፣ ቫርኒሹን እስከ እንጨቱ አነሳሁ፣ ጠርዙን የትንሽ ጣት ያህል አከበብኩት። በ120፣ በ180፣ በመጨረሻ በ220 ቁጥር ወረቀት አለሰለስኩት። በመሀል በእርጥብ ጨርቅ አብሼ የእንጨቱ ቃጫ ሲነሳ ደግሜ ፈገፈግኩት፤ አለበለዚያ የልጁ ምራቅ ያስነሳው ነበር። ከዚያ ጥሬ የተልባ ዘይት ሁለት እጅ፣ በመሀሉ ሳምንት እረፍት። ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ስለሚገባ የሚላጥ ሽፋን አይተውም። ዘግይቶ ለሚመጣ ትእዛዝም የማደርገው ይሄንኑ ነው፤ ለመንከሻው አግዳሚ ዘይት፣ ለቀረው ጎመላካ።

አባትየው ሊወስደው ሲመጣ በጣቱ ዳሰሰውና «ምነው፣ ብልጭታው ጠፋ?» አለኝ። የቀረችውን የተልባ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ሰጠሁትና በየስድስት ወሩ እንዴት እንደሚደግመው አሳየሁት።