ራም ጨምራችሁ ኮምፒውተሩ አልነሳም ሲል፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናት ከቀበሌ 14 ኮምፒውተር በባጃጅ ጭነው መጡ። ዝናቡ ገና አላባራም። ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) በፌስታል ሸፍነው፣ በላዩ ላይ ጋቢ ደርበውበታል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሞተ» አሉኝ።

«ምን ሆነብዎት እትዬ?»

«ልጁ ራም ነው ምን የሚሉትን ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ እንደ ወፍጮ ይጮሃል እንጂ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ሌላ ቦታ ባሳየው ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይግዙ አሉኝ።»

ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ማዘርቦርድ ደግሞ ራሙም ሌላውም ዕቃ የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ። ጎኑን ከፍቼ በባትሪ አየሁት። አዲሱ ራም በአንድ ጫፉ ገብቷል። በሌላው ጫፍ የስንዴ ፍሬ ያህል ከፍ ብሏል። ነቀልኩት፣ መልሼ አስቀመጥኩት፣ ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣቶቼ ጫን አልኩ። ቀጭ አለ። ስናበራው አንዴ ቢፕ አለና ተነሳ። እትዬ «ተመስገን» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ራም ተጨምሮበት አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ አልሞተም። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ስክሪኑ ከጨለመ በኋላ ተደናግጠን በምንሠራው ሥራ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

መብራት ስለጠፋ ብቻ ኬዙን መክፈት

መብራት ሲጠፋ «ጊዜ አገኘሁ» ብሎ ኮምፒውተሩን የሚፈታ ሰው አለ። ገመዱ ግን ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነው። ራሙን እየገፋችሁ ሳለ መብራቱ ቢመጣስ? ኮምፒውተሩ ባይበራ እንኳ፣ ገመዱ ተሰክቶ መብራት ካለ ፓወር ሰፕላዩ (ከግድግዳው የመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ክፍል) ለማዘርቦርዱ 5 ቮልት መስጠቱን አያቆምም። በዚያ ሰዓት ራም መንቀል ወይም መሰካት ራሙንም ማዘርቦርዱንም ሊያበላሽ ይችላል።

ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ራሙን ከመንካታችሁ በፊት የኬዙን ብረት ንኩ። በተለይ በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ እኛን ሳይሰማን ራሙን ይጎዳዋል።

ራሙን እንደ እንቁላል መያዝ

የእትዬ ልጅ ስህተት ይህ ነበር። ሰው እሰብረዋለሁ ብሎ ስለሚፈራ በስሱ አስቀምጦት ይተወዋል። ራም ግን ደህና አድርጎ መጫን ይፈልጋል።

መጀመሪያ የስሎቱን (ራሙ የሚሰካበትን ቦታ) ክሊፖች፣ ማለትም ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን መያዣዎች፣ ክፈቱ። ራሙ ግርጌ ላይ ያለችውን ክፍተት ስሎቱ ውስጥ ካለችው ጉብታ ጋር አገጣጥሙ። ክፍተቷ ልክ መሃል ላይ ስላልሆነች ራሙ የሚገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አሁን ሁለቱን ጫፎች እኩል ተጫኑ። ክሊፖቹ ራሳቸው ተመልሰው ራሙን ሲይዙት ድምፁን ትሰማላችሁ።

አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ክሊፑ በአንድ በኩል ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ክሊፑ ተዘግቷል፣ ገባ ይላል፤ ክሊፕ የሌለው ጫፍ ግን ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ስለዚህ ድምፁን ብቻ አትመኑ። ጎንበስ ብላችሁ ከጎን እዩት። ራሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልሆነ፣ ወርቃማው መስመር በአንድ በኩል ሰፋ ብሎ ከታየ፣ አልገባም ማለት ነው።

እጃችሁ ሲገባና ሲወጣ የነካውንም ተመልከቱ። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) አጠገብ ያለው የፓወር ኬብል ላልቶ ሊሆን ይችላል። ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ስክሪኑ የሚልክ ለብቻው የሚሰካ ካርድ) ካላችሁ የሞኒተሩ ኬብል እሱ ላይ መሰካቱን አረጋግጡ።

«ራም ሁሉ አንድ ነው» ብሎ መግዛት

ራም ዲዲአር 3፣ 4፣ 5 እየተባለ በትውልድ ይለያል። የዴስክቶፕ ዲዲአር 3 ራም 240 እግር (ግርጌው ላይ ያሉት ወርቃማ መገናኛዎች) አለው፣ ዲዲአር 4 ደግሞ 288። ክፍተታቸውም ቦታው ይለያያል። ዲዲአር 5 እግሩ እንደ ዲዲአር 4 288 ቢሆንም ክፍተቱ ሌላ ቦታ ነው። እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ ስሎቱ ይሰበራል።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ገብቶ የማይሠራው ነው። በርካሽ የሚገኝ የሰርቨር (የድርጅት ትልቅ ኮምፒውተር) ራም ሲያዩት ከቤቱ ኮምፒውተር ራም አይለይም፤ ተራው ዴስክቶፕ ግን አይነሳበትም። መለያውን አንብቡ። ዲዲአር 3 ላይ ከ12800 ወይም ከ10600 ቀጥሎ «ዩ» የሚባለው የላቲን ፊደል ካለ የዴስክቶፕ ነው፤ «አር» ካለ የሰርቨር ነው። ለኤኤምዲ ፕሮሰሰር ብቻ የተሠሩ ርካሽ የዲዲአር 3 ራሞችም አሉ፤ ኢንቴል ላይ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ቮልቱን እዩ። ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት ይሠራል፣ ዲዲአር 3ኤል በ1.35። 1.35 ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ላይ የ1.5ቱ ይገባል እንጂ አያስነሳውም።

ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን ራም መለያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሱቅ ሄዳችሁ «8 ጊጋ ራም ስጠኝ» ከማለት ፎቶውን ማሳየት በጣም ይሻላል።

ሁሉንም ሰክቶ መገመት

እኔ ሁሌም የምጀምረው ከዚህ ነው። አዲሱን አውጡና አሮጌውን ብቻ ድሮ በነበረበት ስሎት መልሱ። ተነሳ? እሰይ፣ ማዘርቦርዱ ደህና ነው። አሁን አሮጌውን አውጥታችሁ አዲሱን ለብቻው እዚያው ስሎት ላይ ሞክሩ። ካልተነሳ ችግሩ አዲሱ ራም ነው፤ ወይ ተበላሽቷል ወይ አይመጥንም። ለየብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ሠርተው አብረው እምቢ ካሉ አይግባቡም ማለት ነው፤ ወይም ሁለተኛው ስሎት ችግር አለበት። ያንን ለማወቅ የሚሠራውን ራም ወደዚያኛው ስሎት ውሰዱት። በየመሃሉ ገመዱን መንቀል እንዳትረሱ።

ጆሯችሁም ሥራ ላይ ይሁን። ብዙ ቢሮዎች ውስጥ ያለው አሮጌው የኤችፒ ዴስክቶፕ 5 ጊዜ ቢፕ እያለ ቀይ መብራቱን 5 ጊዜ ካብለጨለጨ ስለ ራም ነው የሚነግራችሁ።

አሮጌው ራም ተመልሶም ካልተነሳ ባዮሱን (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስጀምረውን ፕሮግራም) ወደ መጀመሪያው ሴቲንግ መልሱት። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ 5 ደቂቃ ያህል አውጥታችሁ መልሷት። ቀንና ሰዓቱ ይጠፋል፤ የባዮስ ሴቲንግ ተቀይሮ ከነበረም ዊንዶውስ እንዳይነሳ ሊያደርግ ስለሚችል የነበረውን ማስታወሱ ይጠቅማል።

በአፍ እፍ ማለት

ከሐይቁ አጠገብ ነን፤ ክረምቱ እርጥብ ነው፣ አቧራውም አይቀርም። የራም እግር ይቆሽሻል። በአፍ እፍ ስትሉበት ግን ምራቅና እርጥበት ትጨምሩበታላችሁ። ወርቃማውን ክፍል በለስላሳ ነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። የብርጭቆ ወረቀት በፍጹም አታስጠጉ፤ ወርቁን ይልጠዋል።

ፎርማት ማድረግ

ይሄኛው ያሳዝነኛል። የእትዬ ልጅ ዲስኩን ነቅሎ ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ፎርማት ሊያደርገው፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ ሊያጠፋው ነበር፤ የእህቱ ሰርግ ፎቶ እዚያ ላይ ስላለ እናቱ ከለከሉት። ስክሪኑ የኮምፒውተሩን አርማ እንኳ ሳያሳይ ጨልሞ ከቀረ ዊንዶውስ ገና አልተጠራም። ዲስኩን ብታጠፉት ፎቶው ይሄዳል፣ ችግሩ እዚያው ይቀራል።

ባለ ዲዲአር 5 ከሆነ አለመታገሥ

አዲስ ራም ሲገባለት መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ጨልሞ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ራሙን እየለካ ነው። 10 ደቂቃ ያህል ሳትነኩት ጠብቁት።

አሮጌውን ራም ቶሎ በልዋጭ መስጠት

ሱቅ ውስጥ «አሮጌውን አምጣና ጨምረህ ውሰድ» ሲሏችሁ ደስ ይላል። አዲሱ ሠርቶ ሁለት ሦስት ቀን እስኪያልፈው ግን አሮጌውን ያዙት። እሱ ከሌለ ማዘርቦርዱ ደህና መሆኑን በምን ታረጋግጣላችሁ? ወደ ባለሙያ የምትሄዱም ከሆነ ሁለቱንም ራም በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የትኛውን በየትኛው ስሎት እንደሞከራችሁ ጽፋችሁ ውሰዱ።