አልጠፋ ወይም አልበራ ያለ ሌየር፦ የታሪክ ካርታ ለምትሠሩ ችግርና መፍትሄ

ኢንተርኔቱ ይሠራል ወይ፣ ፋይሉ ሰርቨር ላይ ወጥቷል ወይ የሚለውን አልነካም። እሱን አይታችሁ እንደመጣችሁ ቆጥሬ ነው የምጽፈው። የማወራው ማፕቦክስ ወይም ማፕሊብሬ በሚባሉት የድረ ገጽ ካርታ መሥሪያዎች ስለተሠሩ፣ አንባቢው ገጹን ወደ ታች ሲገፋ ካርታው ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ አብሮት ስለሚሄድ ካርታዎች ነው። ሌየር የምለው ካርታው ላይ ለየብቻ የሚበራና የሚጠፋውን ንብርብር ነው። እዚህ ደሴ የወሎን ታሪክ እንዲህ የሚሠሩ ልጆች እየበዙ ነው፤ በጣም ደስ ይለኛል። ይዘውልኝ የሚመጡት ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ነው።

ምልክት፦ ያለፈው ምዕራፍ ሌየር አልጠፋም፤ ወይም ወደ ላይ ሲመለሱ የነበረው የለም

በቅርቡ ያየሁት ካርታ ቅደም ተከተሉ ላሊበላ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ መቅደላ፣ ቦሩ ሜዳ፣ ውጫሌ ነበር። መቅደላ ላይ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነስቶ የመጣበት መንገድ በቀይ መስመር ይታያል። ቆንጆ ሥራ ነው። ስልክ ላይ ከፍቼ በአውራ ጣቴ ገፋ ገፋ ሳደርገው ውጫሌ ደረስኩ፤ ቀዩ መስመር ግን እዚያው ተጋድሞ ቀርቷል። ጽሑፉ ስለ 1881 ዓ.ም. ውል ያወራል፣ ካርታው የ1860ን ዘመቻ ያሳያል። ውሉ ከጣሊያን ጋር፣ ዘመቻው የእንግሊዝ። ታሪኩን የማያውቅ ተማሪ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይዞ ቢሄድ በማን ይፈረዳል? ይሄ የመልክ ጉድለት አይደለም፣ ታሪክ ማዛባት ነው።

መንስኤው ሁሉም ሰው ሳያነበው የሚገለብጠው አሠራር ነው፦ ምዕራፉ ሲገባ «ይህን አብራ»፣ ሲወጣ «ይህን አጥፋ»። ይህ የሚሠራው አንባቢው ተራውን ጠብቆ ቀስ ብሎ ከሄደ ብቻ ነው። እንዲህ የሚያነብ ሰው የለም። ጣቱን ወርወር ሲያደርግ መሃል ያሉት ምዕራፎች ሊዘለሉ ይችላሉ፣ የማጥፊያው ትእዛዝም አብሮ ይዘለላል። ገጹን መሃል ላይ ሪፍሬሽ ካደረገ ደግሞ ብራውዘሩ የነበረበት ቦታ ይመልሰዋል፣ ከላይ ያሉት ምዕራፎች ግን ጨርሶ አልተጠሩም፤ እዚያ ይበራል የተባለው ሁሉ ጨለማ ነው።

መፍትሄው የመውጫ ትእዛዞችን በሙሉ መሰረዝ ነው። አዎ፣ በሙሉ። በምትኩ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ መታየት ያለባቸውን ሌየሮች ዝርዝር ጻፉ። ምዕራፉ ሲገባ አንድ ፈንክሽን (የኮድ ቁራጭ) የታሪኩን ሌየሮች አንድ በአንድ ይዙር፦ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ያብራ፣ ከሌለ ያጥፋ። አንባቢው ከላይም ይምጣ ከታች፣ ዘሎም ይምጣ ተራምዶ፣ ውጫሌ ሲደርስ ውጫሌን ብቻ ያያል። ምንም ሌየር የሌለበት ምዕራፍም ባዶ ዝርዝር ይኑረው፤ «እዚህ ምንም ስለሌለ» ብሎ የሚዘለው ብዙ ነው፣ ከዚያ ያው መስመር ተመልሶ ይመጣል።

ተጠንቀቁ፦ የሚዞረው በእናንተ ሌየሮች ላይ ብቻ ይሁን። የመሠረት ካርታውን ሌየሮች አብራችሁ ካስገባችሁ መንገዱም የከተማ ስሙም ይጠፋል። የራሳችሁን ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊደላት የሚጀምር ስም ስጧቸው፤ «ሌየር 1 ኮፒ» የሚል ስም አይቼ ተሰላችቻለሁ። ስሙን ደግሞ በላቲን ፊደል ጻፉት። «ሐይቅ» እና «ሃይቅ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሌየሮች ናቸው። የብራውዘሩ ኮንሶል (የስህተት መልእክት የሚወጣበት መስኮት) ሌየሩ የለም እያለ ይጮኻል፣ ኮንሶሉን የሚከፍት ግን የለም።

ምልክት፦ ሌየሩ ጠፍቷል፣ ሲነካ ግን ፖፕአፕ (የመረጃ ሳጥን) ይወጣል

ያጠፋችሁት በኦፓሲቲ ነው፣ ሌየሩ ምን ያህል ደምቆ እንደሚታይ በሚወስነው ቁጥር። ኦፓሲቲው 0 የሆነ ሌየር አይታይም እንጂ አለ። ይነካል፣ ታይሉንም (ካርታው ተቆራርጦ የሚመጣበትን ዳታ) ያወርዳል። በካርድ ዳታ ለሚያነብ ሰው የማይታይ የሳተላይት ምስል ማስወረድ ግፍ ነው። ቪዚቢሊቲውን (መታየት አለመታየቱን የሚወስነውን) «ነን» (none) ስታደርጉት ግን መነካቱም ይቆማል፣ የሚጠቀምበት ሌላ ሌየር ከሌለ ማውረዱም።

ቀስ ብሎ እንዲደበዝዝ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ኦፓሲቲውን ወደ 0 አውርዱ፣ ድብዘዛው ሲያልቅ ቪዚቢሊቲውን ዝጉ። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ፦ መዝጊያውን በሰዓት ቆጣሪ የምታደርጉት ከሆነ፣ ጊዜው ሲደርስ አንባቢው አሁንም ከምዕራፉ ውጭ መሆኑን አረጋግጡ። ወዲያው ተመልሶ ከሆነ ያረጀው ቆጣሪ የበራውን ሌየር ያጠፋበታል። ይህን ብልሽት ቀስ እያላችሁ ስትሞክሩ አታገኙትም። ገጹን በፍጥነት ላይ ታች እያደረጋችሁ ፈትኑ፣ ከተቻለ ርካሽ ስልክ ላይ።

ምልክት፦ ነጥቡ ጠፋ፣ ቀለበቱ ቀረ

የክብ ነጥብ ጠርዝ የራሱ ኦፓሲቲ አለው። ሁለቱንም አውርዱ። የምልክት ሌየር ላይም እንዲሁ፣ ጽሑፉና አይኮኑ ለየብቻ ናቸው።

ምልክት፦ ነጥቦቹ አሉ፣ የአማርኛ ስማቸው የለም

ሌየሩን አትነካኩት፣ ጥፋቱ የፎንቱ ነው። ካርታው ፊደል የሚጭነው የፊደሎቹን የዩኒኮድ ቁጥር በ256 በ256 እየከፈለ ነው፤ የእኛ ፊደል የሚጀምረው ከ4608 እስከ 4863 ባለው ክፍል ነው። የብራውዘሩ ኔትወርክ ታብ (ምን እንደወረደ የሚያሳየው) ላይ ይህ ክፍል ካልመጣ ወይም ባዶ ከመጣ፣ ፎንቱ ግዕዝ የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስገቡ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ሲጠጉ ይታያል፣ ሲርቁ ይጠፋል፦ ሚንዙሙን (ሌየሩ መታየት የሚጀምርበትን የቅርበት ደረጃ) እዩ።

የትም የለም፦ በጂኦጄሰን (የቦታ መረጃ መጻፊያ ፎርማት) ኬንትሮስ ይቀድማል፣ ኬክሮስ ይከተላል። ከተገለበጠ ደሴ ከሰርዲኒያ ምሥራቅ ባህር ላይ ናት።

ሳተላይቱ ሲበራ ተሸፈነ፦ ሳተላይቱ ከላይ ተጨምሯል፣ ከመስመሮቹ በታች አውርዱት።

የመሠረት ካርታው ስታይል ሲቀየር ሁሉም ጠፋ፦ ስታይል ሲቀየር ከጊዜ በኋላ የጨመራችኋቸው ሌየሮች አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። አዲሱ ስታይል ተጭኖ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ጨምሯቸው፣ ከዚያ ያንኑ ፈንክሽን አንባቢው ላለበት ምዕራፍ እንደገና ጥሩት።